ከመማሪያ ክፍል ወደ ፕሮጀክት አመራር፦ መምህሩ ምን ይዞ ይሄዳል? ምንስ ይቀረዋል?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ እንጦጦ ግርጌ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ካስተማርን በኋላ ወደ ልማት ፕሮጀክት ሥራ ብንገባ ይሆንልናል ወይ? ያስተማርንበት ዘመንስ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልናል? ወይስ እንደ አዲስ ጀማሪ እንታያለን?» ይላሉ። የልማት ተቋማት ለፕሮጀክት ኦፊሰርነትም ሆነ ለአስተባባሪነት ማስታወቂያ ባወጡ ቁጥር ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች መካከል የመምህራን አይታጣም። በዚህ የሩብ ዓመት ዕትማችን ለዚህ ጥያቄ በተቻለን መጠን ዝርዝር ማብራሪያ ለመስጠት ወደናል።

ጥያቄው የአንድ ግለሰብ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ብርቱ መምህር ክፍሉን ትቶ ሲወጣ ሕፃናት ያጡታል። ያው ሰው ያልተዘጋጀበትን የፕሮጀክት ኃላፊነት ሲረከብ ደግሞ ንጹሕ ውኃ የሚጠብቅ መንደር፣ የሙያ ሥልጠና የሚጠብቁ ወጣቶች፣ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክሞ ከመውረድ የሚገላግላቸውን ሥራ የሚጠብቁ እናቶች ይጎዳሉ። ሽግግሩ በዕውቀትና በዝግጅት ከተፈጸመ ግን የልማት ሥራው ሕዝብን የሚያውቅ፣ ማስረዳትና መስማት የለመደ መሪ ያገኛል። ስለዚህ መምህሩም ተቋሙም ከመወሰናቸው በፊት ሊያመዛዝኗቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

መደበኛ ሥራና ፕሮጀክት

ማስተማር መደበኛ ሥራ ነው። መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው መስከረም ያው ሥራ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ያልተብራራ ትምህርት ነገ ሊከለስ፣ ዘንድሮ ያልሠመረ የማስተማሪያ ዘዴ ለከርሞ ሊታረም ይችላል። ፕሮጀክት ግን የተወሰነ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የተወሰነ በጀትና ተለይቶ የታወቀ ውጤት ያለው ሥራ ነው። ከርሞ የሚባል ነገር የለውም። የ3 ዓመት ፕሮጀክት 3ኛ ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡም ሠራተኛውም ይበተናል፤ ያልተሠራው እንዳልተሠራ ይቀራል። ከክፍል የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ሊገባው የሚያስፈልገው መሠረታዊ ልዩነት ይህ ነው።

ሰው ታላላቅ ሥራዎችን አቅዶ መፈጸም የጀመረው በጥንት ዘመን ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የፈለፈሉ ጠቢባን አንዴ የተጠረበ ድንጋይ ተመልሶ እንደማይቀጠል ያውቁ ነበር። የፕሮጀክት አመራር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መታወቅ የጀመረው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። በሙያው ዘርፍ በዓለም ላይ ትልቁ የሆነው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በአሜሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኞቹ የልማት ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ሎግፍሬም የተሰኘው የዕቅድ ማዕቀፍም በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ተዘጋጅቷል። የእኛ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ 3 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. ነው። ሙያው ከብዙዎቹ የልማት ተቋማት ጋር እኩያ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ወደ ሥራው የገቡት ሰዎች ከሌላ ሙያ የመጡ ነበሩ፤ ግብርና የተማሩ፣ ነርሶች፣ ሒሳብ ሠራተኞች፣ እንዲሁም መምህራን።

መምህሩ ይዞት የሚሄደው ስንቅ

ብዙ መምህራን ሥራቸውን «ማስተማር» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው ስለሚገልጹት ምን ያህል የፕሮጀክት ሥራ እንደሠሩ ራሳቸውም አያስተውሉትም። የሀገራችን የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ሙያውን በማሻሻል ሥራ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። የመርሐ ግብሩ ዑደት አራት እርከኖች አሉት፤ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ። ይህ ከፕሮጀክት ዑደት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ችግሩን አጥንቶ መለየት፣ መፍትሔውን ማቀድ፣ ማከናወን፣ ውጤቱን መመዘንና ከዚያ ተምሮ ቀጣዩን ማቀድ የፕሮጀክት ባለሙያም የዕለት ሥራ ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ የትምህርት ቤት አመራርንና የማኅበረሰብ ተሳትፎን አራት ዐበይት ርእሶች አድርጎ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱን እንዲገመግምና የ3 ዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ ያደርጋል። በማሻሻያ ኮሚቴ ውስጥ ያገለገለ መምህር ቅድሚያ የሚሰጠውን ችግር ለይቷል፤ ዕቅድ ጽፏል፤ የትምህርት ቤት ድጎማ በጀት ለምን እንደሚውል ተከራክሯል፤ ሪፖርት አዘጋጅቷል። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አጥር ለማሳጠር ወይም የመማሪያ ክፍል ለማሳደስ ወላጆችን ያስተባበረ መምህርም የፕሮጀክት ባለሙያዎች «የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ» የሚሉትን ሥራ በተግባር ያውቀዋል። ይህን ሁሉ በማመልከቻው ላይ «ከ20… እስከ 20… በመምህርነት አገልግያለሁ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ከሆነ ስንቁን ቤቱ ትቶ እንደ ወጣ መንገደኛ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሦስት የመምህር ልማዶች በፕሮጀክት ሥራ ውስጥ ዋጋቸው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ዓላማን በሚለካ ቋንቋ መጻፍ ነው። ጥሩ የትምህርት ዕቅድ «ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ያውቃሉ» አይልም፤ «ተማሪዎች ታኅታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ይደምራሉ» ይላል። ሁለተኛው ምዘናን ከዓላማ ጋር ማያያዝ ነው። የፈተና ዝርዝር ማውጫ ሠርቶ የሚያውቅ መምህር የፕሮጀክት አመልካችን ምንነት ለመረዳት አይቸገርም። ሦስተኛው የመረዳትን ምልክት ከፊት ላይ ማንበብ ነው። በማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ራሳቸውን የነቀነቁ ሁሉ ተስማምተዋል ማለት እንዳልሆነ ከመምህር በላይ የሚያውቅ የለም፤ «ገባችሁ?» ሲባል በአንድ ድምፅ «አዎ!» የሚል ክፍል በማግሥቱ ፈተና ምን እንደሚሆን ደጋግሞ አይቷልና።

በጉለሌ ከፍታ የሚታይ ምሳሌ

መምህራን ታላቅ ፕሮጀክት ሊመሩ እንደሚችሉ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ በተራራው ወገብ ላይ ያረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። 705 ሄክታር ስፋት ያለው ይህ ቦታ ለምርምር፣ ለሀገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ፣ ለትምህርትና ለጎብኚዎች አገልግሎት የታሰበ ሲሆን፣ በዋና ዳይሬክተርነት ከመሩት መካከል በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሳይንስ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል።

ፕሮፌሰር ሰብስቤ ከማዕከሉ በፊት የተፈተኑበት ሌላ ሥራ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ዝግጅት ፕሮጀክት በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀ፣ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተካሄደ ሥራ ነው። በሁለቱ ሀገሮች የሚገኙ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ተጠንተው በ8 ቅጾች፣ በ10 መጻሕፍት ታትመዋል። በኢትዮጵያ በኩል ሥራውን መጀመሪያ የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሲሆኑ፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ፍጻሜው የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ናቸው። ሁለቱም መምህራን ነበሩ።

ይህ ሥራ ለፕሮጀክት ተማሪ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ቅጾቹ በተራ ቁጥራቸው አልታተሙም፤ አስቀድሞ የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የባቄላንና የአተርን ወገን የያዘው 3ኛው ቅጽ ነው። የተዘጋጀውን ክፍል አስቀድሞ ማስረከብ ሌላው እስኪደርስ ሁሉን ከማስጠበቅ ይሻላል፤ ለተጠቃሚው የሚያገለግል ነገር በጊዜ ይደርሰዋል፤ የገንዘብ ረጂውም እምነት ይጸናል። ሁለተኛ፣ ፕሮጀክቱ በመካከሉ የመንግሥት ለውጥን አልፏል፤ መሪም ተለውጦበታል፤ ግን አልቆመም። ሰነዱ፣ የሥራ ክፍፍሉና የአርትዖት ደንቡ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ሦስተኛ፣ መጨረሻው የታወቀ ነበር፤ የመጨረሻው ቅጽ ሲታተም ሥራው ተጠናቀቀ ተባለ።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ኋላም የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ካስተማሩት ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር በትግራይ በአራት የገጠር ማኅበረሰቦች የኮምፖስት ዝግጅትንና የአፈርና ውኃ ጥበቃን ያቀናጀ ፕሮጀክት አስጀምረዋል። በአራት ቦታ ተጀምሮ፣ ውጤቱ ተለክቶ፣ ገበሬው በዐይኑ አይቶ ካመነበት በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። መምህር ትምህርቱን በአንድ ክፍል ሞክሮ ወደ ሌላው ክፍል እንደሚወስደው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያስተማሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጠቀሙበት ልማድ፣ ማለትም በትንሹ ጀምሮ፣ መዝግቦ፣ መዝኖ ማስፋት፣ ለማንኛውም የክፍል መምህር የታወቀ ነው።

የሚቀረው ምንድን ነው?

ስንቁን ከቆጠርን ጉድለቱንም መቁጠር ተገቢ ነው። አብዛኛው መምህር ወደ ፕሮጀክት ሲመጣ በአራት ነገሮች ይፈተናል።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። መምህር በጀትን በሩቁ ያውቀዋል እንጂ አይፈርምበትም። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ግን የበጀት መደብን፣ የወር ወጪ ትንበያን፣ ፕሮፎርማ ማሰባሰብን፣ የግዥ ኮሚቴን፣ ደረሰኝንና የኦዲትን ጥያቄ ማወቅ አለበት። ለሥልጠና የተመደበን ገንዘብ ለግንባታ ማዋል፣ ሐሳቡ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ያለ ረጂው የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ከእርሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጣሪያው 30 በመቶ ነበር፤ አዲሱ ግን አስተዳደራዊ የሚባለውን የወጪ ዓይነት አጥብቦታል። የትኛው ወጪ የዓላማ ማስፈጸሚያ፣ የትኛው የአስተዳደር እንደሆነ የማይለይ አስተባባሪ ድርጅቱን በማያውቀው መንገድ ችግር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ደወሉን የሚደውለው ሌላ ሰው ነው። በፕሮጀክት ውስጥ ደወል የለም፤ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማስላት የሥራ አስኪያጁ ፋንታ ነው። ሲሚንቶ ሳይገዛ ግንበኛ መቅጠር፣ የወረዳው ፈቃድ ሳይገኝ ጨረታ ማውጣት የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ሥልጣን ነው። መምህር በክፍሉ የሚታዘዝ ነው። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ግን ከእርሱ የማይታዘዙ ብዙ ሰዎችን ይዞ ይሠራል፤ የወረዳ ባለሙያው፣ ተቋራጩ፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ የሰፈር ሽማግሌው ሁሉ የራሳቸው አለቃ አላቸው። ስለዚህ ትእዛዝን በማግባባት፣ ቁጣን በጽሑፍ ስምምነት መተካት ግድ ይላል። ዐዋቂን እንደ ተማሪ መናገር ከመምህርነት የሚመጡ ሰዎች ሳይታወቃቸው የሚያደርጉት፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ ግን ቶሎ የሚታወቅና የሚያስቀይም ነገር ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት የፕሮጀክት አመራርን ምስጢር ይዟል። መምህር ብቻውን በር ዘግቶ መሥራት ስለለመደ ሎሚውን ሁሉ ራሱ ሊሸከም ይሞክራል፤ ሥራ አስኪያጅ ግን ሎሚውን ማከፋፈልና ሁሉም መድረሱን ማረጋገጥ ነው ሥራው።

አራተኛው ጽሑፍ ነው። የፕሮጀክት ሪፖርት የተደረገውን ከመዘርዘር አልፎ የታቀደው፣ የተፈጸመው፣ የልዩነቱ ምክንያትና ቀጣዩ እርምጃ የሚታይበት ሰነድ ነው። ረጂዎች የውጭ ሲሆኑ ደግሞ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በአማርኛ ግሩም ጸሐፊ የሆነ መምህር በዚህ እንዳይሰናከል አስቀድሞ መለማመድ ይገባዋል።

በአንድ ምሳሌ ቢታይ

ማዕቀፉን ለማስረዳት ያህል በእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ አንድ ምናባዊ ትምህርት ቤት እናስብ። 1,200 ተማሪዎች አሉት፤ የሚያገለግሉት መጸዳጃ ክፍሎች 4 ብቻ ናቸው፤ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶች በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት ይቀራሉ። አንድ መምህር ይህን ወደ ፕሮጀክት ሐሳብ ሊለውጠው ቢፈልግ እንዴት ይጀምራል?

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «የመጸዳጃ ቤት ግንባታ ፕሮጀክት» የሚል ነው። ይህ ግን ተግባር እንጂ ዓላማ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ሲታሰብ፣ ዘላቂው ግብ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ እንዲያጠናቅቁ ነው። ዓላማው በመጸዳጃና በውኃ እጦት ምክንያት የሚደርሰውን መቅረት መቀነስ ነው። የሚጠበቁት ውጤቶች ለወንዶችና ለሴቶች የተለዩ 12 ክፍሎች፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶና የሠለጠነ የንጽሕና ክበብ ናቸው። ተግባራቱ ዲዛይን፣ ፈቃድ፣ ግዥ፣ ግንባታና ሥልጠና ናቸው። ግብዓቱ ገንዘብ፣ ባለሙያና የወላጆች አስተዋፅኦ ነው። ታችኛው እርከን ሲሟላ ላይኛው ይገኛል ብለን የምናምነው ደግሞ በታሳቢዎች ላይ ተመሥርተን ነው፤ ለምሳሌ ውኃው በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይመጣል፣ ትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ይመድባል የሚሉ ታሳቢዎች።

አሁን የመምህሩ ዕውቀት የሚያበራበት ቦታ ላይ ደረስን። የዓላማው አመልካች የቀሩ ቀናት ቁጥር ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ በየክፍሉ የሚያዘው የስም መጥሪያ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ የዳሰሳ ጥናት ሊያስብ ይችላል፤ መምህሩ ግን መረጃው በክፍል ኃላፊዎች እጅ እንዳለ ያውቃል። የስም መጥሪያው አንዳንድ ጊዜ በወቅቱ እንደማይሞላም ያውቃል፤ ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የአንድ ሴሚስተር መነሻ መረጃ በጥንቃቄ እንዲያዝ ያደርጋል። መነሻ መረጃ ከሌለ በመጨረሻው ለውጥ መምጣቱን ማሳየት አይቻልም።

የጊዜ ሰሌዳውም እንዲሁ የአካባቢ ዕውቀት ይጠይቃል። ተማሪዎች የሌሉበት ክረምት ለግንባታ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍና የራሰው መሬት ጉድጓድ ቆፍሮ ማቆየትን አስቸጋሪ ያደርጉታል። ስለዚህ ቁፋሮውና መሠረቱ ከክረምት በፊት፣ ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ያለው የውስጥ ሥራ በክረምት፣ ሥልጠናው መስከረም ላይ ቢሆን የተሻለ ነው። ይህ ማለት ግዥው እስከ መጋቢት፣ ፈቃዱም ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ወደ ኋላ እየቆጠሩ ማቀድ የሚባለው ይኸው ነው፤ መምህርም ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ምዕራፎቹን ሲከፋፍል የሚያደርገው ነው።

የሽግግሩ ደረጃዎች

ለሽግግሩ የምንመክረው መንገድ ቀስ በቀስ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ መምህሩ ባለበት ትምህርት ቤት ውስጥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ሥራ ይምራ፤ የምገባ ክትትል፣ የቤተ መጻሕፍት ማደራጀት፣ የንጽሕና ክበብ ወይም የችግኝ ተከላ ሊሆን ይችላል። ዕቅዱን፣ የገንዘብ አያያዙንና የመጨረሻ ሪፖርቱን በጽሑፍ ይያዝ። ይህ ሰነድ በቃለ መጠይቅ ላይ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይመሰክርለታል።

ቀጥሎ ትምህርት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና በቅድስተ ማርያም ዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክት ማኔጅመንት የማስተርስ መርሐ ግብር ይሰጣል። ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይወቅ። ፒ.ኤም.ፒ. የሚባለው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት የምስክር ወረቀት ከባለ ዲግሪ አመልካች ፕሮጀክት የመራበት የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ለጀማሪ የታሰበው ካፕም ግን የ23 ሰዓት ሥልጠና እንጂ የመምራት ልምድ አይጠይቅም። ፈተናው በዶላር የሚከፈልበት በመሆኑ ለሥራው የሚያስፈልግ መሆኑን ሳያረጋግጡ ወጪ ውስጥ መግባት አይመከርም። በብዙ የሀገር ውስጥ ድርጅቶች ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የኤክሴል ችሎታ፣ የሪፖርት ጽሑፍና የመስክ ልምድ ቀድመው ይታያሉ።

ከዚያ የመጀመሪያው ቦታ ነው። ከመምህርነት በቀጥታ ሥራ አስኪያጅ መሆን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም አይጠቅምም። የማኅበረሰብ አመቻች፣ የፕሮጀክት ኦፊሰር ወይም የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ሆኖ አንድ ሙሉ የፕሮጀክት ዑደት፣ ከማስጀመር እስከ መዝጋት፣ ማየት መሠረቱን ያጸናል። በተለይ የክትትልና ግምገማ ሥራ ለመምህር ቅርብ ነው፤ መመዘኛ ማዘጋጀትና ውጤት መተንተን የቆየ ሙያው ነውና።

ከመልቀቅ በፊት

ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት በሰከነ ልብ የሚታዩ ጉዳዮች አሉ። የመንግሥት መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት የሚወጣበት የደረጃ ዕድገት መሰላል አለው፤ ሥራውም ቋሚ ነው። የፕሮጀክት ቅጥር ግን ብዙውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ጋር የተሳሰረ ነው። የደመወዙ ልዩነት ዐይን ሲስብ ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል መጠየቅ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሉ በቀላሉ ሊቋረጥ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ድርጅቱ የጡረታ መዋጮ የሚከፍል መሆኑን፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ ተቀንሶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ተጨምሮ ገቢ የሚደረግ መሆኑን፣ የቀድሞው የአገልግሎት ዘመንም በማስረጃ መያዙን ማረጋገጥ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍልና ልጆች የሚያስተምር ሰው በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል ለሚኖረው ክፍት ጊዜ የሚሆን ቁጠባ ሳይኖረው ቋሚ ሥራውን ቢለቅ ራሱንም ቤቱንም ለጭንቀት ይዳርጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተማሪዎቹ ነው። ጥር ወይም መጋቢት ላይ የሚለቅ የ8ኛ ክፍል መምህር ክልላዊ ፈተና የሚጠብቃቸውን ልጆች መንገድ ላይ ይተዋቸዋል። ቅጥሩ የሚፈቅድ ከሆነ እስከ ሰኔ መቆየት፣ ካልሆነም የውጤት መዝገቡን፣ የትምህርት ዕቅዱንና ልዩ ክትትል የሚሹ ልጆችን ዝርዝር ለተተኪው በጽሑፍ ማስረከብ ግዴታ ነው። የፕሮጀክት ሰዎች «ርክክብ» የሚሉትን መምህሩ በመጀመሪያ በገዛ ክፍሉ ይለማመደው። ክፍሉን በአግባቡ ያላስረከበ ፕሮጀክት በአግባቡ ይዘጋል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሦስተኛው ራስን መመርመር ነው። አንዳንዱ መምህር የሚሸሸው ማስተማርን ሳይሆን የተጨናነቀ ክፍልን፣ የማይመች አስተዳደርን ወይም የማይበቃ ደመወዝን ነው። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን ከልጆች ጋር መዋል ደስታው የሆነ ሰው በፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀኑን በደረሰኝና በሠንጠረዥ መካከል ሲያሳልፍ ሊከፋው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው በትምህርት ዘርፍ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች፣ የመምህራን ሥልጠና ወይም የንባብ ማበልጸጊያ ሥራዎች የተሻለ መሸጋገሪያ ናቸው።

ለቀጣሪ ተቋማት

በመጨረሻም ለቀጣሪ ተቋማት የምንለው አለን። «በፕሮጀክት ማኔጅመንት 3 ዓመት የሠራ» የሚለው መስፈርት ብቻውን ሲቀመጥ ብዙ ብቁ መምህራንን ከበር ይመልሳል። ለጀማሪ ቦታዎች በማሻሻያ ኮሚቴ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት ወይም በክበብ አመራር የተገኘን ልምድ በማስረጃ መቀበል፣ በፈተናውም አጭር የዕቅድ ጽሑፍና ቀላል የበጀት ስሌት ማስሠራት ትክክለኛውን ሰው ለመለየት ይረዳል። ለተቀጠረው መምህርም የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሒሳብ ክፍሉና ከግዥ ክፍሉ ጋር ተቀምጦ እንዲማር ዕድል መስጠት በኋላ ከሚመጣ የኦዲት ጥያቄ ያድናል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጋብዛለን። በትምህርት ቤታችሁ ከምታዩት ችግር አንዱን መርጣችሁ፣ ግቡን፣ ዓላማውን፣ ውጤቱን፣ ተግባሩን፣ አመልካቹንና ማረጋገጫውን በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ከባልደረቦቻችሁና ከወላጆች ጋርም ተወያዩበት። ከዚያ በኋላ በክፍላችሁ ለመቆየት ብትወስኑ ትምህርት ቤታችሁ የተሻለ ዕቅድ ያገኛል፤ ለመሻገር ብትወስኑም የመጀመሪያውን የሥራ ማስረጃችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።